ከወሊድ ፈቃድ በኋላ ሕፃኑ ምን ይጠጣ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሠራተኛ እናቶች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንዲት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 የሥራ ቀናት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠራ እናት 90 የሥራ ቀን 15 ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ ሕፃኑ ሦስት ወር ተኩል ሲሆነው ወደ ፋብሪካዋ ወይም ወደ ቢሮዋ ትመለሳለች። የዓለም ጤና ድርጅትና የጤና ሚኒስቴር የሚመክሩት ግን ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናቱ ጡት ወተት በቀር ውኃ እንኳ ሳይቀምስ እንዲቆይ ነው። በሕጉና በምክሩ መካከል ሁለት ወር ተኩል የሚሆን ክፍተት አለ፤ ይህ መመሪያ የሚመለከተው ያንን ክፍተት ነው።

በዚህ ጊዜ ውስጥ በየቤቱ የሚነሣው ክርክር የታወቀ ነው። አያት «አጥሚት ይጀመርለት፣ እኛም ያደግነው በእሱ ነው» ይላሉ፤ ጎረቤት ላም ካለው ቤት የሚመጣ ትኩስ ወተት ትመክራለች፤ ፋርማሲው የጣሳ ወተት በቁጥር ለይቶ ደርድሯል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደግሞ «ጡት ብቻ» ብላ ትሄዳለች። ሁሉም ለልጁ አስበው ይናገራሉ፤ ነገር ግን አንዱ ጥጋቡን፣ ሌላው ዋጋውን፣ ሌላው በሽታውን እያየ ስለሚናገር አይገናኙም። ስለዚህ አማራጮቹን ከመመርመራችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው መስማማት ያስፈልጋል።

## መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ምግቡ ለዚህ ዕድሜ የሚበቃና የሚስማማ መሆኑ ነው። ሁለተኛው እናት በሌለችበት ሰዓት፣ በዚያው ቤት ባለው ውኃ፣ ማገዶና መብራት፣ ሕፃኑን በሚይዘው ሰው እጅ በንጽህና ሊዘጋጅ መቻሉ ነው። ሦስተኛው የወር ወጪው፣ አራተኛው አቅርቦቱ ሳይቋረጥ መገኘቱ፣ አምስተኛው ደግሞ ተሞክሮ ባይሆን ወደ ጡት መመለስ መቻሉ ነው።

እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ሁለተኛውን ነው። ብዙ ሰው የሚያነጻጽረው የወተቶቹን ዓይነት ብቻ ነው፤ ሕፃኑን ሆስፒታል የሚያስገባው ግን ብዙውን ጊዜ ወተቱ የተበጠበጠበት ውኃና የተጠባበት ጡጦ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበትና መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህንን መመዘኛ ሳይጨርስ ወደ ዋጋ ቢያልፍ ስሌቱ አይሞላም።

አምስተኛውም ቀላል አይደለም። ጡት የሚያመነጨው ወተት በሚጠባው ወይም በሚታለበው ልክ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ በሌላ ወተት ከተተካ በቀናት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። «ለጊዜው» ተብሎ የተጀመረ ጣሳ ቋሚ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

## ሕፃኑን ወደ እናቱ ማቅረብ

ከሁሉም የሚሻለው ሕፃኑ ቀጥታ ከጡት የሚጠባበትን መንገድ መፈለግ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ ካለው ጥያቄው በአብዛኛው እዚያው ያልቃል። ከሌለው ደግሞ በምሳ ሰዓት አያቱ ወይም ሞግዚቷ ይዛው የምትመጣበት፣ ወይም እናቱ ቤት ደርሳ የምትመለስበት ርቀት መኖሩ ይታይ። የማጥቢያ እረፍት በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ተካትቶ ከሆነ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ካልተካተተም ወደ ሥራ ከመመለስ ሁለት ሳምንት በፊት ከክፍል ኃላፊው ጋር መነጋገር ብዙ ጊዜ ያዋጣል። በአንድ ቀን አንድ ጊዜ ማጥባት እንኳ ከቀሪዎቹ አማራጮች የሚፈለገውን መጠን በሲሶ ይቀንሳል።

## ታልቦ የተቀመጠ የእናት ወተት

ይህ አማራጭ የሚፈራው ስለማይታወቅ ነው። ከአንድ እስከ ስድስት ወር ያለ ሕፃን በቀን 750 ሚሊ ሊትር ገደማ የጡት ወተት ይጠጣል፤ እናቱ ለአሥር ሰዓት ብትርቅ የሚያስፈልገው ከ300 እስከ 450 ሚሊ ሊትር ነው። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት፣ ማታ እንደተመለሰች፣ ሌሊትም እስኪጠግብ ካጠባችው ይህ መጠን የሚደረስበት ነው። በተለይ የሌሊቱ ማጥባት ወተት የሚያመነጨውን ሆርሞን ከፍ ስለሚያደርግ «ደክሞኛል» ተብሎ ባይተው ይመረጣል።

ማለቢያ መሣሪያ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ግድ ግን አይደለም። እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ አውራ ጣት ከጥቁሩ የጡት ክፍል በላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከሥሩ ሆነው መጀመሪያ ወደ ደረት ይጫኑና ከዚያ እርስ በርስ ይጨመቃሉ። ጫፉን መጎተት ያሳምማል እንጂ ወተት አያወርድም። ሁለቱን ጡት ለማለብ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወርደው የማንኪያ ያህል ቢሆን አያስደነግጥም፤ ልምምዱ ሥራ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት ቀድሞ የሚጀመረውም ለዚህ ነው። በሥራ ቦታም በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ማለብ ጡቱ እንዳያብጥና ወተቱ እንዳይቀንስ ያደርጋል። ቦታው መጸዳጃ ቤት መሆን የለበትም፤ በር የሚዘጋ አንድ ንጹሕ ክፍልና መታጠቢያ ውኃ ይበቃል።

የማቆያው ሰዓት በሁለቱ ከተሞች ይለያያል። የታለበ ወተት ሙቀቱ እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ በረዶ ባለበት የተዘጋ ማቀዝቀዣ ሳጥን 24 ሰዓት፣ በፍሪጅ 4 ቀን ይቆያል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በአብዛኛው ዓመት የቤት ውስጥ ሙቀቷ ከዚህ አይበልጥም። ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ በተለይ በግንቦትና በሰኔ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አንድ ክፍል ቤት አራቱን ሰዓት አለመተማመን ይሻላል። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አለመክፈት፣ ፍሪጅ በሌለበትም ዕቃውን ክዳኑ ተዘግቶ ቀዝቃዛ ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ጥላ ላይ ማስቀመጥ ይረዳል።

ወተቱ ሲቀመጥ ቅባቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ይህ መበላሸት ስላልሆነ ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ ብቻ ያስፈልገዋል። የሚሞቀው ዕቃውን በሙቅ ውኃ ውስጥ በመዘፍዘፍ ነው፤ እሳት ላይ አይጣድም። ሕፃኑ ጀምሮ ያስተረፈው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደፋል።

ማጠጫው ጡጦ መሆን የለበትም። ቡና ሲኒ የሚያህል ትንሽ ኩባያ ተፍቆ ለመታጠብ ይመቻል፤ የጡጦ ጫፍና አንገት ግን ወተት እየያዘ ይቀራል። ሕፃኑ በጭን ላይ ቀና ብሎ ይያዝና የሲኒው ከንፈር በታችኛው ከንፈሩ ላይ ይቀመጣል፤ ወተቱ ጠርዙ ድረስ እስኪደርስ ብቻ ይዘንበላል፤ ሕፃኑ ራሱ በምላሱ እየላሰ ይወስዳል። አፉ ውስጥ መገልበጥ ትን ያስብለዋል። አያቱ ይህንን እናቱ ቤት ባለችበት ሳምንት መለማመድ አለባቸው፤ በመጀመሪያው የሥራ ቀን መጀመር ለሁሉም ጭንቀት ነው።

ፀሐይ ላይ ውሎ የመጣ ጡት ልጁን ያሳምመዋል የሚለው ስጋት በየቤቱ ይሰማል። የጡት ወተት በእናቲቱ ሰውነት ሙቀት ውስጥ ስለሚቆይ ፀሐይ አያበላሸውም፤ እናቱ ላቧን ታጥባ ውኃ ጠጥታ ማጥባት ትችላለች።

## የጣሳ ወተት

የሕፃናት የዱቄት ወተት መርዝ አይደለም፤ እናቱን ላጣ ወይም በሕክምና ምክንያት ጡት ለማይጠባ ሕፃን ሕይወት ነው፤ ያንን መንገድ የመረጠች እናትም ልትወቀስ አይገባም። ነገር ግን የእናትን ወተት ያህል ከተቅማጥና ከሳንባ ምች አይከላከልም፤ ፀረ እንግዳ አካላት የሉትምና። ዱቄቱም ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ ስለዚህ የሚበጠብጠው ውኃ ከ70 ዲግሪ በታች መሆን የለበትም።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። ውኃው ይፈላል፤ ደሴ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ለሦስት ደቂቃ እየተንተከተከ ይቆይ፣ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከወረደ በኋላ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ የሚፈለገው ውኃ በመጀመሪያ ይለካል፤ ዱቄቱ በጣሳው ውስጥ ባለው ማንኪያ ተዝቆ በንጹሕ ቢላ ጀርባ ተስተካክሎ ይጨመራል። ማንኪያው ላይ መጠቅጠቅም ሆነ መቆለል የለም። ዕቃው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተይዞ ይበርዳል፤ የእጅ አንጓ ላይ ጠብ ሲደረግ ለብ ካለ ይሰጣል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋል። ይህ ሁሉ በእያንዳንዱ ማጠጫ ሰዓት፣ ሌሊትም ጭምር ይደገማል።

ወጪውን ለማስላት የዱቄቱን መጠን ማወቅ ይበቃል። ስድስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሙሉ በሙሉ በጣሳ ቢመገብ በቀን ወደ 900 ሚሊ ሊትር፣ ይኸውም ወደ 115 ግራም ዱቄት ይወስዳል፤ ባለ 400 ግራም ጣሳ ከሦስት ቀን ተኩል አያልፍም፤ በወር ከስምንት እስከ ዘጠኝ ጣሳ ነው። በሥራ ሰዓት ብቻ ቢሰጥ በወር አራት ጣሳ ገደማ፣ በሁለት ወር ተኩል አሥር ጣሳ ይሆናል። የዛሬውን የፋርማሲ ዋጋ በእነዚህ ቁጥሮች አባዝቶ ከደመወዝ ጋር ማስተያየት ቀድሞ ይደረግ። የጣሳ ወተት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ከምንዛሪ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ለማንም ግልጽ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች በደረሰ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ሱቅ ተዘግቶ ያየ ሰውም አቅርቦት ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ጣሳው ወር እንዲያደርስ ተብሎ የሚቀነሰው ማንኪያ ነው። የቀጠነ ወተት ሆድ ይሞላል፣ ክብደት ግን አይጨምርም፤ ሕፃኑ ዝም ብሎ ስለሚተኛም ቤተሰቡ ሳያውቀው ይጎዳል። ሙሉ መጠኑን መግዛት የማይችል ቤት ይህንን አማራጭ ባይጀምረው ይሻለዋል።

በጣሳው ላይ ያለው ቁጥርም ያምታታል። 1 ቁጥር ከልደት እስከ ስድስት ወር ላለ ሕፃን ነው። ከስድስት ወር በኋላና ከዓመት በኋላ ተብለው የሚሸጡትን 2 እና 3 ቁጥሮች የዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ አይላቸውም። ለቤተሰብ ተብሎ የሚሸጠው የዱቄት ወተት ደግሞ የደረቀ የላም ወተት እንጂ የሕፃን ምግብ አይደለም፤ ጣሳው ስለሚመሳሰል ሱቅ የተላከ ልጅ ይሳሳታል። የጡት ወተት ተተኪዎች የግብይት ደንብ በ1981 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ጉባኤ በ118 ድምፅ ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ ሲጸድቅ፣ ለሕዝብ ማስታወቂያ መሥራትንና ለእናቶች ነጻ ናሙና መስጠትን ከልክሏል። ስለዚህ ሳይጠየቅ የምርት ስም የሚነግርዎት ሰው ካለ ምክሩን በጥንቃቄ ይዩት።

## የላም፣ የፍየልና የግመል ወተት

ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን የላም ወተት አይመከርም። ብረት ማዕድኑ ትንሽ ነው፤ ፕሮቲኑና ጨውነቱ በዚህ ዕድሜ ላለ ኩላሊት ይከብዳል፤ አንጀትንም በዓይን በማይታይ መጠን ሊያደማ ስለሚችል ለደም ማነስ ያጋልጣል። ውኃ መጨመር ጨውነቱን ቢቀንስም ጉልበት ሰጪነቱንም አብሮ ይቀንሳል፤ ያልነበረውን ብረትም አያመጣም። የፍየል ወተት በተጨማሪ ፎሊክ አሲድ ያንሰዋል። ከባቲ አቅጣጫ የሚመጣው የግመል ወተት በልማድ ሳይፈላ ይጠጣል፤ ያልፈላ ወተት ደግሞ፣ የማንኛውም እንስሳ ቢሆን፣ ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ስድስት ወር ካለፈ ጉዳዩ ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ6 እስከ 11 ወር ላለና ጡት ለማይጠባ ሕፃን፣ ከተጨማሪ ምግብ ጋር፣ የጣሳ ወተትም ሆነ የእንስሳ ወተት ሊሰጥ ይችላል። በደንብ የፈላ የላም ወተት ያን ጊዜ ለብዙ ቤት ጣሳውን ይተካል።

## ቀድሞ የሚጀመር አጥሚት

አጥሚት፣ የአብሽ ውኃ፣ ስኳር በውኃ፦ ሦስቱም በአራት ወር ሕፃን ሆድ ውስጥ የወተት ቦታ ይይዛሉ እንጂ ወተት የሚሰጠውን አይሰጡም፤ ተቅማጥም የሚገባው በእነርሱ ነው። አጥሚት ሕፃኑን ያጠግበዋል የሚለው ምልከታ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ጥጋቡ ግን የውኃ ነው። ለአያት ሲነገር «ተሳስተዋል» ከማለት ይልቅ የገንፎውን ቀን ማስታወስ ይበጃል፦ ስድስት ወር ሲሞላው እርሳቸው ራሳቸው ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከማሽላ፣ ምስርና ባቄላ ተጨምሮበት፣ ከማንኪያ ቶሎ የማይወርድ ወፍራም ገንፎ ይሠሩለታል፤ እንቁላልም ይታከልበታል። በጾም ወቅት ዕቃ እንዳይነካካ የሚሰጋ ቤት ለሕፃኑ አንድ ድስትና ማንኪያ ለብቻ ቢለይለት ጉዳዩ ያልቃል።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ (እስከ ስድስት ወር)

| አማራጭ | ለዕድሜው መስማማት | በቤት ንጽህና | ወጪ | አቅርቦት | ወደ ጡት መመለስ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቀጥታ ከጡት | ሙሉ | ቀላል | የእናት ተጨማሪ ምግብ | አይቋረጥም | አያሰጋም |
| የታለበ ወተት | ሙሉ | መካከለኛ፣ ሰዓት መጠበቅ | ዝቅተኛ | በልምምድ ይወሰናል | አያሰጋም |
| የጣሳ ወተት ቁጥር 1 | ይበቃል፣ ከበሽታ አይከላከልም | ከባድ | ከፍተኛ | ሊቋረጥ ይችላል | ካልታለበ ያስቸግራል |
| የእንስሳ ወተት | አይስማማም | መፍላት ግድ ነው | መካከለኛ | በአብዛኛው አለ | ያስቸግራል |
| አጥሚት፣ አብሽ | አይስማማም | ከባድ | ዝቅተኛ | አለ | ያስቸግራል |

## ለማን የትኛው?

ደሴ ከተማ ውስጥ የምትሠራና ቤቷ ፍሪጅ ያለው እናት ከታለበ ወተት ሌላ የሚያስፈልጋት የለም። በጣሳ የሚወጣውን ገንዘብ ለራሷ ተጨማሪ ምግብና ለሞግዚት ደመወዝ ብታውለው ሕፃኑ የበለጠ ይጠቀማል።

ከደሴ እየወረደች ኮምቦልቻ የምትሠራ እናት በሐረጎ መንገድ የሚጠፋውን ጊዜ ከሥራ ሰዓቷ ጋር ደምራ ታስላ። ለእርሷ የበረዶ ማቀዝቀዣ ሳጥን ከሁሉም ዕቃ ይቀድማል፤ በፋብሪካ የታለበው ወተት ማታ ቤት ደርሶ ለነገ የሚሆነው በእርሱ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ፣ ፍሪጅ በሌለው አንድ ክፍል የተከራየች እናት የምትገኝበት ሁኔታ ከሁሉ የከበደ ነው። ከመውጣቷ በፊት የታለበው ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይበቃል፤ በእረፍት ሰዓት ሕፃኑ ቢመጣላት የቀረው ትንሽ ነው። ያም ካልተቻለ ለአንድ ወይም ለሁለት ማጠጫ ብቻ ቁጥር 1 የጣሳ ወተት መጠቀም ተገቢ ነው፤ የፈላው ውኃ ወዲያው በንጹሕ ፔርሙስ ተሞልቶ ቢቀመጥ ሞግዚቷ በየጊዜው እሳት ማንደድ አያስፈልጋትም፤ ውኃው መቀዝቀዙን ከተጠራጠረች ግን እንደገና ታፍላው። እናቱም በዚያ ሰዓት ሥራ ቦታ ማለቧን አታቋርጥ፤ የምታስቀምጥበት ባይኖራት እንኳ ወተቱ እንዳይደርቅ ይጠቅማታል።

ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ እናት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እየወሰደች እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ እንድታጠባ ይመከራል፤ ከክትትል ክፍሉ ጋር ሳትነጋገር ወደ ጣሳ መዞርም ሆነ ሁለቱን ማቀላቀል የለባትም። እናቱን በወሊድ ላጣ ሕፃን ደግሞ የጣሳ ወተት ቀዳሚው መፍትሔ ነው፤ ቤተሰቡ አዘገጃጀቱን ከሆስፒታል ሳይወጣ ነርስ ፊት ሠርቶ ያሳይ።

በየትኛውም ሁኔታ የ14ኛው ሳምንት ክትባት ቀን ለዚህ ውሳኔ የተመቸ ነው፤ ፈቃዱ ከሚያልቅበት ጊዜ ጋር ይቀራረባልና። በዚያ ቀን ሕፃኑ ይመዘን፤ እናቱም አስተላለቧን ለነርሷ ታሳይ። «ወተቴ አይበቃውም» የሚል ጥርጣሬ ካለ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ መሽናቱና ክብደቱ መጨመሩ መልስ ይሰጣሉ። ሥራ ከተጀመረ ከወር በኋላ እንደገና ይመዘን፤ ክብደቱ ካልጨመረ የአመጋገብ ምርጫው ከጤና ባለሙያ ጋር እንደገና ይታይ። መጥባት ካቆመ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰድ።